ስም ያልወጣላት ልጅ

ሰኔ 4 ቀን 2017

ከሥልጠናው ዛሬ ተመለስኩ። ከወልድያ መናኸሪያ የመጣሁበት ባጃጅ ሸራው ተቀዶ ስለነበር ግማሽ ጎኔ በስብሶ ነው ቤት የገባሁት። ይህን ደብተር በፌስታል ጠቅልዬው ነበርና ተርፏል።

ነገሩ እንደፈራሁት ከባድ አይደለም። ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል ከላቦራቶሪያችን ማሽን የሚወጣው መረጃ በትናንሽ ሳጥኖች ተደርድሯል። የታካሚ ስም፣ የእናት ስም፣ ዕድሜ፣ የናሙና ቁጥር፣ ውጤት። በቀኝ በኩል ደግሞ ጤና ጣቢያዎቹ የሚቀበሉባቸው ሳጥኖች አሉ። የእኔ ሥራ ከግራው ወደ ቀኙ በማውስ መስመር መሳብ ነው። ከዚያ መልእክቱ ወዴት እንደሚሄድ እመርጣለሁ፤ ናሙናው ከመርሳ አካባቢ የመጣ ከሆነ ወደ መርሳ፣ ከሐራ ከሆነ ወደ ሐራ። ኮድ መጻፍ የሚባል ነገር የለም። ከአዲስ አበባ የመጣው የፕሮጀክቱ ሰው ቢኒያም ሥዕል መሣል የሚችል ሁሉ ይችለዋል አለን። መስመሩ ትክክል ሲሆን አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲሳሳት ቀይ።

እስካሁን ውጤት የሚላከው በፖስታ ታሽጎ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ነበር። አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ወንበር ሥር ይቀራል። ከእንግዲህ ወረቀት ቀርቷል።

ስተኛም አረንጓዴ መስመር ነው የሚታየኝ። ደስ ብሎኛል፤ እዚህ ካልጻፍኩት ለማን እነግረዋለሁ።


ሰኔ 12

ሠራ። የመጀመሪያው መልእክት ከመርሳ በታች ወዳለው ጤና ጣቢያ ገባ። አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ከድጃ ደወለችልኝ። ናሙናውን ያመጣው ባለሞተር ገና ወደ መርሳ ሳይመለስ ውጤቱ ታብሌቷ ላይ ደርሷል። «አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲህ እናቶቼ በዝናብ አይመላለሱብኝም» አለች። በአካል ተያይተን አናውቅም፤ ድምጿ ግን የታላቅ እህት ድምፅ ነው።

የላቦራቶሪው ኃላፊ እትዬ ጽጌ መጥተው ስክሪኑን አዩ። ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩና ጎሽ ብለውኝ ሄዱ። እሳቸው ጎሽ የሚሉት በዓመት አንዴ ነው።


ሰኔ 25

ከድጃ በጠዋት ደወለች። የአዋቂዎቹ ውጤት በሙሉ ደርሷታል፣ የሕፃናቱ ግን አንድም አልመጣም።

እነዚህ ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች የወለዷቸው ልጆች ናቸው። ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው ከተረከዛቸው ደም ይወሰዳል፣ ወረቀት ላይ ይደርቅና ወደ እኛ ይመጣል። ከእናታቸው ተላልፎባቸው እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከተገኘባቸው መድኃኒት ቶሎ መጀመር አለባቸው። አዋቂ ይታገሣል፣ ሕፃን አይታገሥም።

የታገዱ መልእክቶችን ገጽ ከፈትኩ። ሁሉም እዚያ ናቸው፣ በቀይ። ምክንያቱ አንድ ዓይነት ነው። የታካሚ ስም ባዶ ነው ይላል። የውጤቱ ሳጥን ለእኔ በኮከብ ተሸፍኖ ነው የሚታየው፤ ማየት አልችልም። ሳጥን እንጂ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አይፈቀድልኝም።

ለከድጃ ነገርኳት። «ስም ሳይወጣላቸው ከየት ይምጣ?» አለች። ሙስሊሞቹ በሰባት ቀን ስም ቢያወጡም ካርዱ የሚከፈተው በተወለዱ ዕለት ነው። ከክርስቲያኖቹ ደግሞ ክርስትና እስኪነሱ የሚጠብቁ አሉ። የቀደሙት ስለሞቱባት ስም ማውጣት የምትፈራም አለች። ስለዚህ ካርዱ ላይ የሚጻፈው የእናቲቱ ስም ብቻ ነው።

ይህን በሥልጠናው ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። እዚሁ ተወልጄ አድጌ እንዴት አላሰብኩትም?


ሰኔ 26

ቢኒያምን በስልክ አገኘሁት። ተቀባዩ ሲስተም ያለ ስም አይቀበልም፣ መመሪያው ነው አለኝ። እናቶቹ ስም ያውጡላቸው አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ ተመዝግቦ የተዘጋ ናሙና ላይ ስም መጨመር ደግሞ አይቻልም።

ታዲያ ባዶውን ቦታ ሁሉ «ሕፃን» በሚል ቃል እንሙላው አልኩት። «ሲስተሙ ሰውን የሚለየው በስሙና በጤና ጣቢያው ነው» አለ። «ሁሉንም ሕፃን ካልሻቸው ሁሉም አንድ ሕፃን ይሆናሉ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።


ሰኔ 30

መላ ያገኘሁ ይመስለኛል። የታካሚ ስም ባዶ ከሆነ የእናት ስም ይግባበት። ከእናት ስም ሳጥን አንድ መስመር ስቤ የታካሚ ስም ላይ አሳረፍኩት። ሞከርኩት፤ አረንጓዴ ሆነ። ሁሉም አለፉ፣ በሙከራ ገጹ ላይ ማለት ነው። እውነተኛው እንዲሠራ አጽድቅ የሚለው መጫን አለበት፣ እሱ ደግሞ ለእኔ አይከፈትም። የሚያጸድቀው ቢኒያም ብቻ ነው። ላክሁለት።

እትዬ ጽጌ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «የእናቲቱን ስም በልጅቱ ቦታ? ሰው አይምታታም?» አሉኝ።

ዕድሜው አብሮ ይሄዳል፣ ዜሮ ዓመት የሚል ያየ ሕፃን መሆኑን ያውቃል አልኳቸው። አንቺ ታውቂያለሽ ብለውኝ ወጡ።


ሐምሌ 2

በመጠባበቅ ላይ ይላል።


ሐምሌ 4

በመጠባበቅ ላይ። የበጀት መዝጊያ ስለሆነ ቢኒያም ስብሰባ ነው። ስልኩን አያነሳም። ከድጃ ሁለቴ ደወለች፣ ሁለተኛውን እኔም አላነሳሁም።


ሐምሌ 8

ዛሬ አንዲት ሴት መጣች።

ጥበቃው ጠርቶኝ ወጣሁ። የማክሰኞ ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል። እሷ ከአጥሩ ጥግ ሕፃን አዝላ ቆማለች፤ ጃንጥላዋን ወደ ኋላ አዘንብላ ልጅቱን ስለጋረደች የራሷ ፊት ይረጥባል። አለሚቱ እባላለሁ አለችኝ። ከድጃ አልላከቻትም። ውጤቱ ወልድያ ነው ያለው ስትል ሰምታ፣ ለባሏ ለንጉሴ ገበያ ልወርድ ነው ብላው በራሷ ነው የመጣችው። እሱ ስለ በሽታው አያውቅም። መድኃኒቷን የምታስቀምጠው ዱቄት ዕቃ ውስጥ ነው።

እንድትቀመጥ አግዳሚ ወንበር አመጣሁላት። ውጤቱ አለ፣ ግን መላክ አልቻልንም አልኳት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የልጅቱ ስም ስለሌለ ነው አልኳት። ስናገረው ለራሴም እብደት መሰለኝ።

እሷ ግን አልተቆጣችም። ልጅቱን ወደ ፊት አዙራ ጡት ሰጠቻትና ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች፣ ያኔ በሽታው እንዳለባት አታውቅም ነበር። ሁለቱም ስም ነበራቸው።

«ስሟን አንዴ ከጠራሁት ልቤ ይይዛታል» አለችኝ። «ትቆይልኝ እንደሆን ንገሩኝና ያኔ አወጣላታለሁ።»

እኛ ስም አምጪ እንላለን፣ እሷ ውጤት አምጡ ትላለች። ለአፍሽ ያህል አንድ ስም ስጪኝ ልላት ፈለግሁ፤ ብትሰጠኝም የተዘጋው ናሙና አይከፈትም። ሻይ አስመጣሁላት። እስክትጠጣ ልጅቱን ያዝኩላት። ከባድ ናት፣ የጠገበች። አውራ ጣቴን ጨብጣ አልለቅ አለች።

መስመሩን እኮ ስቤዋለሁ። የቀረው አንድ መጫን ነው። የቀረውን ምን ላድርግ?


ሐምሌ 9

እትዬ ጽጌን ለመንኳቸው። ውጤቱ ማሽናቸው ውስጥ አለ፣ አትመው ፈርመው ይስጡኝ፣ ካልሆነም ለከድጃ በስልክ ይንገሯት አልኳቸው። አይሆንም አሉ። አምና በስልክ የተነበበ ውጤት ስሟ ለሚመሳሰል ለሌላ ሴት ተነግሮ ያቺ ሴት ራሷን ልታጠፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ በስልክ ላለመንገር ምለዋል። ወረቀትም ከሰኔ ወዲህ ተከልክሏል።

«ጨካኝ አድርገሽ አትይኝ» አሉኝ። አላልኳቸውም። ግን አይቻቸዋለሁ።


ሐምሌ 13

ኔትወርክ ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም የለም። ስክሪኑ ላይ መስመሮቼ ተሥለው አሉ፣ ምንም አያልፍባቸውም።


ሐምሌ 19

አሁንም የለም። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል። እትዬ ጽጌ ዛሬ መጥተው፣ እንዲህ ከሆነስ መንገድ ሲከፈት ወረቀት እፈርምልሻለሁ አሉኝ። ባለሞተሩ ግን ከመጣ ሳምንት አልፎታል፤ ሚኒባሶቹም ቆመዋል። እሺ ሲሉኝ የሚወስድልኝ ጠፋ።

ቢሮ እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ደሞዝ ግን ይከፈለኛል።


ሐምሌ 26

ኔትወርክ መጣ። መጀመሪያ ያየሁት የቢኒያምን መልእክት ነው። ጸድቋል ይላል። ሰላምታም የለው፣ ጥያቄም የለው፣ አንድ ቃል ብቻ።

ተቀምጬ አየሁ። ቀዮቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። የመርሳዎቹ፣ የሐራዎቹ፣ ሁሉም። የአለሚቱም ሄደ። አለቀስኩ፣ እትዬ ጽጌ አይተው እንዳላየ አለፉ። ማታ ከጎረቤቴ ሱቅ ግማሽ ኪሎ ማንጎ ገዝቼ ብቻዬን በላሁት። የመርሳ ማንጎ ነው አለኝ ባለሱቁ።

ዛሬ እተኛለሁ።


ነሐሴ 1

ከድጃ ደወለች። ሰላም አላለችኝም።

በረጋ መንፈስ ለመጻፍ እሞክራለሁ። ውጤቶቹ ደርሰዋል፣ ግን ታብሌቱ ላይ ለሕፃናቱ አዲስ ካርድ አልተከፈተም። ሲስተሙ የእናቲቱን ስምና ጤና ጣቢያውን አየ፣ እንደዚያ የምትባል ሴት መዝገብ ውስጥ አገኘ፣ የልጁን ውጤት በእናቲቱ ካርድ ላይ ጻፈው። ዕድሜዋን ደግሞ ከቀድሞው ካርድ ወሰደ። ዜሮ ዓመት የሚለው የትም የለም።

ቅዳሜ ዕለት ከድጃ ለቅሶ ሄዳ ተረኛው አሚር ነበር፣ ገና የተቀጠረ ልጅ ነው። አለሚቱ መጣች። ታብሌቱን ከፈተ፣ ስሟን አገኘ፣ በስሟ ሥር ቫይረሱ አልተገኘም የሚል አነበበ። ያነበበላትም እንደዚያው ነው። አልተገኘብሽም።

የልጅቱ ነበር። ልጅቱ ነፃ ናት።

አለሚቱ መሬት ስማ ሄደች አለችኝ ከድጃ። አሚር እሷ በደስታ ስታለቅስ ውኃ ሰጥቷታል።

ሰኔ 26 የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩት። ቢኒያም፣ ሲስተሙ ሰውን የሚለየው በስሙ ነው ብሎኝ ነበር። እኔው በእጄ ጽፌዋለሁ። ግን ያጸደቀው እሱ ነው። ሲስተሙን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፣ አይቶ ነው ያጸደቀው።


ነሐሴ 2

ቢኒያም መስመሩን አንቺ ነሽ የሳብሽው አለኝ። አንተ ነህ ያጸደቅኸው አልኩት። መስመሩን አነሳው፣ የተሳሳቱትም ከካርዶቹ ላይ ተሰረዙ። ልጆቹ በስም ሳይሆን በናሙና ቁጥር እንዲለዩ ከተቀባዩ ሲስተም ባለቤቶች ጋር እነጋገራለሁ ብሏል። ካርድ ላይ ያለው ይሰረዛል። ሰው ጆሮ የገባው አይሰረዝም።


ነሐሴ 6

ልጆቹ አሁን በናሙና ቁጥር ይለያሉ፤ የሐራዎቹ ለማንም ሳይነበቡ ታርመዋል። ከድጃም እናቶቹን አንድ በአንድ ጠርታ አነጋገረች። ሌሎቹ መጥተዋል፣ ገብቷቸዋል። አለሚቱ ብቻ የለችም። ከነልጇ ጠበል ሄዳለች፣ ባሏ ንጉሴ ወደተወለደበት ደጋ። ሰኔ ውስጥ ለጠበሉ ተስላ ነበር፣ አሁን ስለቷ የሠመረላት መስሏታል። ስልክ የላትም።

መድኃኒቷን ይዛ ሄዳ ይሆን? ከድጃ አላውቅም አለችኝ። ድምጿ ግን የሚያውቅ ሰው ድምፅ ነው።

ካቆመች ቫይረሱ እንደገና ይነሳል። ልጅቱ ደግሞ ጡት ትጠባለች።


ነሐሴ 11

እውነቱን በሰው መላክ አይቻልም፣ ባሏ አያውቅም። ከድጃ ልጅቱ ለክትባት ትፈለጋለች ብላ በጎረቤት በኩል ላከች። ንጉሴ መልሶ ላከ። ክትባቱ ከጠበሉ በኋላ ይደርሳል፣ እናቲቱ ፊቷ በርቶላታል፣ አትረብሿት ብሏል። ደግ ሰው ነው ትላለች ከድጃ።

ፍልሰታ ሲፈታ ይመለሳሉ ይሆናል።


ነሐሴ 20

አልተመለሱም።


ነሐሴ 24

ከድጃ ራሷ ልትሄድ ዛሬ በጠዋት ተነሥታ ነበር። መኪናው ከግማሽ መንገድ ተመለሰ፣ ወደ ላይ ማለፍ አይቻልም ተባለ። ወርዳ በእግሯ ልትቀጥል ስትል ሹፌሩ ወላሂ አልፈቅድልሽም ብሎ እጇን ይዞ አስገባት። ማታ ደውላ ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፣ ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ።

እኔ ምን አደረግሁ? የታገዱ መልእክቶችን ገጽ በየጠዋቱ እከፍታለሁ። ባዶ ነው። ሁሉ ነገር ልክ ነው ይላል።

ለአለቆች ሪፖርት ጻፊ ተብያለሁ። «የስም መምታታት ተከስቶ ወዲያውኑ ታርሟል» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ጽጌ አነበቡት። ወዲያውኑ የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዙና ፈረሙ። ሰኔ 30 ያሉኝን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።


ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። የጎረቤቶቼ ልጆች በዝናቡ ይቦርቃሉ። ለከድጃ ዛሬ ሰው ነገራት፣ አለሚቱ የዛሬውን ጠበል ሳትጠመቅ አልወርድም ብላለች።


መስከረም 7 ቀን 2018

ወረደች።

ከድጃ በሩን ዘግታ ለብቻዋ አነጋገረቻት። የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው። መድኃኒቱን ያቆመችው አሚር ያነበበላት ዕለት ነው። ደጋ ስትደርስ የቀረውን ከነጠርሙሱ ጠበሉ ዳር ቀብራዋለች። ከድጃ ያ ውጤት ያንቺ አልነበረም፣ የልጅሽ ነው፣ ስህተት ነበር ስትላት መጀመሪያ ፈገግ አለች። የልጄ ከሆነማ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ አለች። ቀጥሎ ከድጃ የጡቱን ነገር አስረዳቻት። ያኔ ልጅቱን ከጡቷ ነቅላ ከሰውነቷ አርቃ፣ በሁለት እጇ አየር ላይ ይዛት ቀረች። ልጅቱ ጮኸች። ከድጃ ተቀብላ አቀፈቻት።

ልጅቱ ክርስትና ተነሥታለች፣ የቤት ስምም አውጥተውላታል። ፍሬሕይወት። አሁን ካርዱ ሙሉ ነው። የልጅቱ ደም እንደገና ተወስዶ ተልኳል። እናቲቱም መድኃኒት እንደገና ጀምራለች።


መስከረም 12

ናሙናው ደረሰ። እትዬ ጽጌ በእጃቸው ተቀብለው ማሽኑ ውስጥ ራሳቸው አስገቡት። እንደዚያ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

እናቲቱ ያለ መድኃኒት የቆየችበት አንድ ወር ተኩል ብዙ አይደለም ይላል ያነበብኩት። ሌላ ቦታ ደግሞ ለመተላለፍ ይበቃል ይላል። ማንበብ አቆምኩ።


መስከረም 15

መልእክቱ ዛሬ አለፈ። ስም አለው፣ የእናት ስም አለው፣ ቁጥር አለው። አንድም ቀይ የለበትም፣ ከወዲያ ጫፍ እስከ ወዲህ አረንጓዴ። ውጤቱ ኮከብ ነው። ወደ እትዬ ጽጌ ክፍል ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ወንበር ሲሳብ ይሰማል። አንኳኳሁ። አልከፈቱልኝም።

ከሰዓት ከድጃ ደወለች። «ተገኘባት» አለች። ከዚያ በላይ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ያጸደቀው እሱ ነው።


መስከረም 21

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ዛሬ ልሞክር።

ፍሬሕይወት መድኃኒት ጀምራለች። ሽሮፑ ይመራታል፣ ትተፋዋለች፣ አለሚቱ እንደገና ትሰጣታለች። ቶሎ ስለተያዘ ታድጋለች ትላለች ከድጃ፣ ትማራለች፣ ትዳራለች፣ ኢንሻአላህ። ግን በየቀኑ፣ ዕድሜዋን ሙሉ። ለንጉሴም ነገሩት። ደጅ ወጥቶ ሲመሽ ተመለሰና መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ጠየቀ።

ከድጃ ይህን ነግራኝ ስታበቃ፣ አለሚቱ አጠገቤ ናት፣ ልታናግርሽ ትፈልጋለች አለችኝ። እንቢ ለማለት አፌን ስከፍት ስልኩ እጇ ገብቷል።

«ያን ለት ወልድያ ሻይ የጋበዝሽኝ ነሽ?» አለችኝ።

ነኝ አልኩ።

ድምጿ ደክሟል ግን ቁጣ የለበትም። ማሽኑ እንደተሳሳተ ነግረዋታል። ማሽን ምን ያውቃል አለችኝ። ያ ልጅ አሚር ጥፋቱ የሱ መስሎት ሥራውን ሊተው ነበር፣ እሷ ሄዳ ተው አንተ ያየኸውን ነው ያነበብኸው ብላዋለች። እኔ ስለ እሷ እንቅልፍ አጥቼ በየቀኑ ስደውል እንደነበር ከድጃ ነግራታለች።

መናገር ነበረብኝ። መስመሩን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ ሰው ይምታታል ተብዬ አልሰማሁም ማለት ነበረብኝ። ከኋላዋ ልጅቱ ትነጫነጫለች፤ አለሚቱ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ፍሬዬ፣ ፍሬዬ፣ እያለች ታባብላት ጀመር። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«አንቺ ለእኔ የለፋሽውን እግዜር ይቁጠርልሽ» አለችኝ። «የምታሳድጊው ልጅ ይስጥሽ።»

አሜን አልኳት።